በየትኛው አቆጣጠር? የዶክተር ቃለጽድቅ ኣንደብርሃን የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ቃለጽድቅ ኣንደብርሃን ከአባታቸው ከአቶ ኣንደብርሃን ወልደጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጌጤ ይማም፣ በወሎ፣ ደሴ ከተማ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1954 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተወለዱ። በዚህ ጽሑፍ ከእያንዳንዱ ዘመን አጠገብ አቆጣጠሩ በሙሉ ቃል የተጻፈው እሳቸው ስለፈለጉ ነው። ምክንያቱ ወደ ኋላ ይነገራል።

ትምህርታቸውን በደሴ ጨርሰው በ1977 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመረቁ። በ1987 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው ሮማ መጡ፤ የዶክትሬት ጥናታቸውንም በባሕር ትሎች ላይ ሠሩ። ከዚያ እስከ ሕመማቸው ድረስ በአንድ የባሕር ምርምር ተቋም አገለገሉ። ሥራቸው የጣሊያንን ባሕር ነባር ትል ከሌላ ባሕር ከመጣው መለየት ነበር። እናታቸው ሲጠየቁ “ልጄ ከዓሣ ጋር ነው የሚሠራው” ይሉ ነበር፤ ትል ማለቱ ከብዷቸው። በ1990 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከወይዘሮ የሺእመቤት ሀብታሙ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሩሐማንና ዮሲን ወለዱ።

መስከረም 1 ቀን 2009 በኢትዮጵያ አቆጣጠር እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት የደብራችን ቤተሰቦች እንቁጣጣሽን ለማክበር ከሮማ ባሕር ዳርቻ፣ ከኦስቲያ፣ ወደ ታች ወዳለች ትንሽ ወደብ ወጡ። ዶክተር ቃለጽድቅ ሱሪያቸውን ሰብስበው ድንጋይ ሲያገላብጡ የማያውቁት ትል አገኙ። የአዋዜውን ብልቃጥ አስገልብጠው ከተቱት፤ በበዓሉ መንፈስ እንዳሉም ወረቀት ላይ 1/1/2009 ብለው ጽፈው ለጠፉበት። በማግሥቱ አልኮል ሞልተው በተቋሙ ቁም ሣጥን አኖሩት። በዚያው ተረሳ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ የባሕር ዳርቻ መጤ ትል በዛ። ጣሊያናዊት የሥራ ባልደረባቸው ማርቲ ብልቃጡን አግኝታ ስታሳያቸው፣ መንጋጋውንና በጎኑ የተደረደሩትን ጸጉሮች በማይክሮስኮፕ መርምረው ከሩቅ ምሥራቅ ባሕር የመጣው ዝርያ መሆኑን አረጋገጡ። በዝርያው አልተሳሳቱም። ቀኑን ግን ማርቲ እንዳነበበችው አነበቡት፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ባልደረቦቻቸው በካፖዳኖ፣ በአዲስ ዓመታቸው ጠዋት፣ በዚያ ብርድ ባሕር የሚገባ ሐበሻ ብቻ ነው እያሉ ሲቀልዱባቸው አብረው ሳቁ።

በ2009 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በወደቡ ከውጭ የመጣ ሕያው የማጥመጃ ትል ለዓሣ አጥማጆች የሚሸጡት የደብራችን ምእመን አቶ ጸጋይ ብቻ ነበሩ። በ2012 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የትሉን ንግድ ትተው መንጠቆና ዘንግ ይሸጡ ነበር። ብልቃጡን የመጀመሪያ ማስረጃ ያደረገው የዶክተር ቃለጽድቅ ጥናት በ2019 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲታተም ጣት ሁሉ ወደ እሳቸው ተቀሰረ። ፈቃዳቸው ተነጠቀ፤ ሱቁ ተዘጋ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሳይቀር “ጸጋይ ትሉ” የሚል ስም ወጣላቸው፤ ከሳቁት አንዷ የዶክተር ቃለጽድቅ ባለቤት ናቸው። አቶ ጸጋይ እኔ አላመጣሁትም ብለው ቤት ድረስ ቢመጡም፣ ዶክተሩ ሳይንስ ለወገን አያደላም ብለው ሸኟቸው።

በ2021 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ባለቤታቸው ጠረጴዛ ላይ በተተወው ጥናት ውስጥ የብልቃጡን ፎቶግራፍ አዩ።

“ይሄ የእንቁጣጣሹ ብልቃጤ አይደል?” አሉ።

ዶክተር ቃለጽድቅ ጥናቱን ተቀብለው በብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን 1/1/2009 እንደገና አነበቡ። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ትሉ የተገኘው አቶ ጸጋይ ንግዱን ከተዉ ከዓመታት በኋላ፣ በ2016 በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ገልጸው እርማቱን አሳተሙ። ሱቁ ግን አስቀድሞ በሌላ ሰው እጅ ገብቷል። ሮማኒና ሰፈር ወደሚገኘው የአቶ ጸጋይ ቤት ሄደው እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ፣ አቶ ጸጋይ ብብታቸውን ይዘው አነሷቸው።

“ዶክተር፣ ሲጽፉት ሐበሻ ነበሩ፤ ሲያነቡት ጣሊያን ሆኑ” አሏቸው። “ስሜ የጠፋው በሕዝብ ፊት ነው። በሕዝብ ፊት ይናገሩልኝ፤ ይቅርታውን ያን ጊዜ እንነጋገራለን።”

ቃል ገቡ። ከቅዳሴ በኋላ ሊናገሩ ብዙ እሑድ ተነሥተው፣ ኀፍረት ይዟቸው ተቀመጡ። ለፋሲካ አሉ፤ ለመስቀል አሉ። በ2024 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ግማሽ አካላቸውን የያዘው ሕመም አንደበታቸውንም ወሰደው። በደህናው እጃቸው ለባለቤታቸው የጻፉት “አቆጣጠር” የሚል አንድ ቃል ነው። ባለቤታቸው ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቋቸውም።

ስለዚህ እሳቸው ያልተናገሩት ዛሬ በአስከሬናቸው ፊት ይነገራል። ብልቃጡ በአቶ ጸጋይ ላይ አልመሰከረም፤ የመሰከረባቸው የዶክተር ቃለጽድቅ ንባብ ነው። ትሉን አቶ ጸጋይ አመጡት የሚያሰኝ ማስረጃ የለም፤ ኖሮም አያውቅም።

ዶክተር ቃለጽድቅ ሰኞ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2025 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው በሮማ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ደሴ የሚኖሩ እኅታቸውን ወይዘሮ ለተንሳኤን ትተዋል። አቶ ጸጋይ ይህ እንዲነበብ ፈቃዳቸውን ሲጠየቁ “ይነበብ፤ ቆሜ እሰማለሁ” ብለዋል። ይቅር ማለት የእሳቸው ነው፤ ቤተሰቡ አያስቸኩላቸውም።

አንድ አቆጣጠር ብቻ ያለው የዘመናት ባለቤት ነፍሳቸውን ይማር።