ስሙ የማይጠራው የወደብ ሐዲድ

ቀን፦ ኦክቶበር 14 ቀን 2012 እ.ኤ.አ.

ለባሕር ዳርቻ የጭነት ሐዲዶች ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው
ባሉበት

አመልካች፦ ኡልመከን፣ የሟቹ የባቡር ነጂ የሳይላው ሚስት
አድራሻ፦ ኮክዣር፣ የድሮው ወደብ ሰፈር

ጉዳዩ፦ ከኮክዣር ጣቢያ ወደ ወደቡ የሚወርደው የጭነት ሐዲድ እንዳይነቀልና ዳግም ሥራ እንዲጀምር አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የሚገባውን ሰላምታ አቀርባለሁ። ለጽሕፈት ቤትዎ ስጽፍ ይህ ሁለተኛዬ ነው። «የትልቁ አባባ ሐዲድ» ብዬ የጻፍኩበት የፊተኛው ማመልከቻዬ «የተጠቀሰው ሐዲድ በዚህ ስም አይታወቅም» ተብሎ ተመልሶልኛል። በመስኮቱ የምትሠራው ልጅ ክፉ አልነበረችም፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፣ ወተት የገባበት ሻይም አመጣችልኝ። ደጋግማ ያለችኝ ግን አንድ ነገር ነው። «እማማ፣ ስም የሌለው ነገር አይመዘገብም። ስሙን ብቻ ይንገሩኝ፣ የቀረውን እኔው እጽፍልዎታለሁ።»

እኔም ስሙን ሳልነግራት ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ለምን እንዳልነገርኳት ከዚህ በታች አስረዳለሁ። ስሙን በዚህ ወረቀት መጨረሻ ላይ በእጄ እጽፈዋለሁ፤ እስከዚያ እንዲታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. ሐዲዱ የሚጠራው በባሌ አባት ስም ነው። እኛ ዘንድ ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ በሕይወት ሳሉም ሆነ ካረፉ በኋላ። ስሙን የሚመስል ቃል ካለ እሱንም ትዘለዋለች፣ በምትኩም ሌላ ትፈልጋለች። የባሌ አባት ስም ውስጥ ደግሞ፣ እንደ ዕድሌ፣ የሰው እግር መሬት ላይ ትቶት የሚያልፈው ነገር ይገኛል። ስለዚህ ካገባሁ ጀምሮ ያም ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ግመላችን ጠፍታ፣ በየት እንደሄደች አሸዋው ላይ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። «በእግሯ የጻፈችውን አይቻለሁ» እያልኩ ፈላጊዎቹን መራኋቸው። ባሌ እስኪያርፍ ድረስ በዚህ ሲስቅብኝ ኖሯል። ይሳቅ፤ እኔ የገባሁበትን ቤት ደንብ ጠብቄ አርጅቻለሁ፣ አላፍርበትም። የባሌን አባት የምጠራቸው «ትልቁ አባባ» ብዬ ነው፤ በዚህ አቤቱታም እንዲሁ እላለሁ።

2. ትልቁ አባባ የሐዲድ ዘርጊዎች አለቃ ነበሩ። ባሕሩ መሸሽ ሲጀምርና መርከቦቹ ወደ መጫኛው መድረስ ሲያቅታቸው፣ ሌላው ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። እሳቸው ከጣቢያው ጓሮ ሥራ የፈታውን ሐዲድ እየነቀሉ ወደ ፊት ዘረጉት። ባሕሩ ሸሸ፣ ሐዲዱ ተከተለው። እንደገና ሸሸ፣ እንደገና ተከተለው። ከኋላ መንቀል ከፊት መትከል፤ ሥራቸው ይኸው ሆነ። የሰፈሩ ሰው «ሽማግሌው ባሕሩን እንደ ጥጃ ሊያስሩት ነው» እያለ ያሾፍ ነበር።

በመጨረሻ ከኋላ የሚነቀለው አለቀ። የመጨረሻው ብረት የተመታ ዕለት ሻይ ይዤላቸው ወርጄ ነበር። ሐዲዱ ያለቀበት ላይ ቆመው ባሕሩ ትቶት የሄደውን ጨው ሲያዩ አገኘኋቸው። ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ከዚያ ዞር ብለው፣ «ምራቴ፣ እኔ እስከዚህ ነው። የቀረውን እሱ ይምጣ» አሉኝ። እሱ ያሉት ባሕሩን ነው። በዚያው የበረዶ ወራት አረፉ። ሠራተኞቹ ስማቸውን በሰሌዳ ጽፈው በሐዲዱ መጨረሻ ላይ ተከሉት፣ በመንግሥት ወረቀትም መስመሩ በዚያው ስም ይጠራ ጀመር። ሰሌዳውን ነፋስ ከወሰደው ቆይቷል።

3. ቀጥሎ የሆነውን ለመንገር ያሳፍራል። የዓሣ ፋብሪካችን እንዳይዘጋ ተብሎ ከሩቅ ውቅያኖስ ዓሣ በበረዶ ታሽጎ በዚሁ ሐዲድ ይመጣልን ጀመር። ወደብ የነበረች ከተማ ዓሣ በባቡር ተቀበለች። ባሌ ሳይላው ፉርጎዎቹን ከጣቢያው እየጎተተ ያመጣል፣ እኔና የሰፈሩ ሴቶች እናራግፋለን። ዓይኑ የእኛን ዓሣ አይመስልም ነበር። ጎረቤቴ ቶቲ «እንግዳ ነውና አትስደቡት» እያለች ታስቀን ነበር። ከጊዜ በኋላ እሱም ቀረ። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ባቡሩንም ወሰዱት። ባሌ እስከ ጣቢያው ራሱ ነድቶ አስረከበና በሐዲዱ ላይ በእግሩ ተመለሰ። ያን ዕለት እራት አልበላም፤ እኔም ብላ አላልኩትም።

4. በማግሥቱ ከቁጥቋጦ መጥረጊያ አሠረና ከሐዲዱ ላይ አሸዋ መጥረግ ጀመረ። ዛሬ የጠረገውን ነገ ነፋስ ይመልሰዋል፤ እሱም ይመለሳል። መንገደኛው ሁሉ «ሳይላው፣ ባቡሩ በስንት ሰዓት ይገባል?» ይለዋል። «ባሕሩ አርፍዷል፣ እሱን እየጠበቀ ነው» ይላል። ሳቁ፣ ከዚያ መሳቅ ሰለቻቸው፣ ከዚያ ዝም ብለው ሰላምታ እየሰጡት ያልፉ ጀመር። እኔ ግን እናደድ ነበር። ሰው በሙሉ ጤንነቱ ከነፋስ ጋር ይጣላል ወይ እያልኩ ስንት ጊዜ መጥረጊያውን ደብቄበታለሁ።

ባሕሩን የሚያቁር ግድብ ተሠርቶ ውኃው ተመልሶ መሙላት ሲጀምር፣ ባሌ ልቡ ደክሞ አልጋ ላይ ዋለ። መስኮቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር «አሸዋው ነፍሷል?» ይለኛል። «የለም፣ ጸጥ ብሏል» እለዋለሁ። ውጭ ግን ሰውና ግመል የማይለይበት ነጭ አቧራ ነበር። ያረፈውም እንዲህ ባለ ቀን ነው። ከአባቱ ጎን፣ ከመስመሩ በላይ ባለው ጉብታ ቀበርነው። የሐዘኑ ሰው ሲበተን መጥረጊያውን ከደበቅኩበት አውጥቼ ከቤታችን ፊት ያለውን ጠረግሁ። አሁንም እጠርጋለሁ። ጉልበቴ ከቤቴ ፊት አያልፍም።

5. ክቡር ሆይ፣ ባሕሩ መጥቷል። ትልቁ አባባ ቆመው ጨው ያዩበት ቦታ ዛሬ ጀልባ ይታሰርበታል። ወንዶቻችን ዓሣ ያወጣሉ፣ የእኛኑ ዓሣ፣ ዓይኑን የምናውቀውን። ነገር ግን የሚሄደው በመኪና ነው፤ መንገዱም መንገድ አይባልም። በበጋ ግማሹ ሸትቶ ይደርሳል። ልጄ ዳውረን ሥራ አጥቶ ወደ ነዳጅ ማውጫው ሄዷል። በስልክ «ባቡሩ ከገባ እመጣለሁ፣ እማዬ» ይለኛል። አነጋገሩ ግን እንደማይገባ የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነው።

6. ሐዲዱ ዳግም ሥራ ይጀምር ወይ የሚለውን እንዲያጠና ጽሕፈት ቤትዎ ባለፈው ጸደይ አንድ ወጣት መሐንዲስ ልኮልን ነበር። የመጣው ከትልቅ ነፋስ በማግሥቱ ነው፤ ብረቱ ሁሉ ተሸፍኗል። ወንዶቹ በሙሉ ባሕር ላይ ነበሩ። ሰፈሩ ውስጥ የቀረነው ሴቶች ደግሞ ሁላችንም የአንድ ጎሳ ምራቶች ነን፤ ያንን ስም የምትጠራ አንዲት እንኳ የለችም።

ልጁ ቤት ለቤት ዞረ፤ እያንዳንዷ ምራት ደግሞ ትልቁን አባባ የምትጠራበት የራሷ ስም አላት። «የእገሌን ሐዲድ ያውቃሉ?» ይላል፣ ስሙን ጮክ አድርጎ። ቶቲ «እኛ የምናውቀው የባለ ፊሽካውን ነው» አለችው። ወዲያ ማዶ ያለችው የብረቱን አባት ሐዲድ እንደምታውቅ ነገረችው። አዲሷ ሙሽራ አፏን በሻሿ ሸፍና ወደ ውስጥ ሮጠች። እኔ ዘንድ ሲደርስ ግራ ገብቶት ነበር። ያንኑ ስም ጠራ፤ ቀጥሎም አንድ ነገር እንኳ አልቀረም ወይ ብሎ፣ ያንን ሌላውን የማልናገረውን ቃል ጨምሮ ጠየቀኝ። እኔም እጄን ወደ መስመሩ ዘርግቼ፣ «ትልቁ አባባ እዚያ ከአሸዋው ሥር ናቸው፣ ልጄ። ባሌ ሲጠርጋቸው ኖረ፣ አሁን የምጠርጋቸው እኔ ነኝ» አልኩት።

ልጁ ኮፍያውን አወለቀ። «አላህ ይማራቸው» አለና፣ እንዳይረግጣቸው በሩቁ ዞሮ ሄደ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሐዲድ የሚያከብር ልጅ ተገኘ ብዬ ደረቅ አይብ በመሐረብ ቋጥሬ ሰጠሁት።

7. የጻፈውን ሪፖርት በመስኮቱ ያለችው ልጅ አነበበችልኝ። ነዋሪዎቹ መስመሩን በስሙ እንደማያውቁት፣ ወደ ውኃው በሚወስደው መንገድ ላይ የአንድ ሽማግሌ መቃብር እንጂ ሐዲድ እንደሌለ፣ ጣቢያው አጠገብ የሚታየው ቁራጭ ብረት ተነቅሎ እንዲሸጥ ይላል። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቶቲም ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ቀይ ቀለም የያዙ ሰዎች መጥተው ጣቢያው ጋ ያለውን ብረት ምልክት አደረጉበት፤ መሬቱ በረዶ ሲይዝ ቆርጠው ሊጭኑት ነው። ያኔ ሳቁ ለቀቀን። መስመሩ ከዋናው ሐዲድ ጋር የሚገናኘው በዚያ በኩል ነው። እሱ ከተቆረጠ የቀረው ከአሸዋ ሥር ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነው።

ወንዶቻችን ከባሕር ሲመለሱ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ ሄደው ስሙን ተናግረዋል። የተመለሰላቸው መልስ፣ ቃሉን የሰጡት ሴቶች ስለሆኑ ያንን ቃል ማስተካከል ያለባቸውም እነሱ ራሳቸው ናቸው የሚል ነው። ሕግ ነው፣ አልከራከርም። ሴቶቹ ተሰበሰብን። አዲሷ ሙሽራ ገና የቤቱን ደጃፍ እንኳ አልለመደችም። ቶቲ አለቀሰች። ከሁሉ ያረጀሁት እኔ ነኝ፤ በትልቁ አባባም ፊት ጎንበስ ብዬ ሻይ የቀዳሁ ከሴቶቹ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ስለዚህ ስሙን መግለጥ ለእኔ ደረሰ።

ለመሐንዲሱ የመለስኩለት መልስ ጥፋት ነው ብዬ ይቅርታ አልጠይቅም። ልጁም አላጠፋም፤ የሰማውን ጻፈ። ልቤን የሚሰብረው ግን ይህ ነው፦ ባሌ ነፋስን በመጥረጊያ ሲመክት ኖሮ ያልጠፋው ሐዲድ፣ እኛ ስላከበርነው ሊጠፋ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በአክብሮት የምለምነው፣ ቀይ ቀለም የተቀባው ብረት ጉዳዩ እንደገና እስኪታይ ድረስ እንዳይነካ ትእዛዝ እንዲሰጡልኝ ነው። ያንኑ ልጅ መልሰው ይላኩልን። አሸዋውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ይጠርግለታል፣ በሐዲዱ ላይ እየሄደ እስከ ውኃው ይወርዳል። ሐዲዱ ጎብጦ፣ እንጨቱም በስብሶ ሊሆን ይችላል፤ አላውቅም። ካዩት በኋላ አይሆንም ካሉኝ እቀበላለሁ። ሳያዩት ግን የለም አይበሉኝ።

አሁን የቀረው ስሙ ነው። ዛሬ ጠዋት ወደ ጉብታው ወጥቼ፣ ሙሽራ ሳለሁ አደርግ እንደነበረው በትልቁ አባባ ፊት ሦስት ጊዜ እጅ ነሣሁ፣ ምን ላደርግ እንደሆነም ነገርኳቸው። ከባሌም ጎን ጥቂት ተቀመጥሁ። ነፋስ አልነበረም፤ በዚህ ጊዜ «ጸጥ ብሏል» ብዬ ብነግረው ኖሮ እውነት ይሆን ነበር።

ሐዲዱ የኢዝትሌው ሐዲድ ይባላል።

ኢዝ በቋንቋችን ዱካ ነው፣ ትሌው ደግሞ ምኞት። ስሙንም ያወጡት ወላጆቻቸው፣ ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ልጆች ሁሉ ሞተውባቸው፣ የዚህኛው እንኳ ዱካው አይጥፋ ብለው ተመኝተው ነው።

ክቡር ሆይ፣ አንድ የመጨረሻ ልመና አለኝ። ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ፣ እባክዎ ያንን ስም ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡልኝ። እኔ ጻፍኩት እንጂ አልጠራሁትም።

ከኮክዣር ምራቶች ሁሉ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ኡልመከን
የኢዝትሌው ምራት