በግድግዳዬ ላይ ስለቆሙት አመልካች

ለክቡር የመንግሥት ቤቶች ኃላፊ፣
በደረቁ ቢሮዎ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና የሚቀመጡበትን ወንበር እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ጣሪያዎን ከጠብታ፣ ደረትዎን ከሳል ይሰውርልን። እኔ በአንኮበር፣ ከዓልዩ አምባ በኩል የሚወጣው ጉም ከሰው ቤት ሁሉ አስቀድሞ በሚገባበት ሰፈር፣ በመሥሪያ ቤትዎ የጭቃ ቤት በኪራይ የምኖር ብርሃነ መስቀል ነኝ። ከዚህ በፊት የደረሱዎትን ማመልከቻዎች ሌላ ሰው እየጻፈልኝ እኔ አውራ ጣቴን ብቻ ነበር የማሳርፍባቸው። ይህንን ግን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ የጻፍሁት ራሴ ነኝ። የማታውን ትምህርት በአንደኝነት ጨርሻለሁ። ሁለተኛ የወጣችው ሴትዮ ትበልጠኝ ነበር የሚሉ አሉ፤ ፊደል ሲገባኝ ምቀኛም አብሮ ገባ ማለት ነው። ደብዳቤዬ ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ፣ ስንት ዘመን ታፍኖ የኖረ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩. ስለ ቀለሙ አመሰግናለሁ። እንግዳ ይመጣል በተባለ ቁጥር ቀለም ቀቢዎችዎን ይልኩልናል። እነሱም ግድግዳው እንደ ረጠበ፣ የላላው ሳይፋቅ፣ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ይደርቡበታል፤ ከውጭ ለእንግዳው፣ ከውስጥ ደግሞ የተረፈውን ለእኛ። እንግዳው በመኪና ሲያልፍ አይቶ ይደሰታል። ክረምት ሲገባ ያ ሁሉ ቀለም እንደ ተቃጠለ ቆዳ ያብጥና ይላጣል። ባለፈው ቀቢዎቹ ምሳቸውን ሲበሉ የቀለሙ ቆርቆሮ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ድረስ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ግድግዳው ይድረቅ፣ የላላው ይፋቅ፣ አቧራው ይጠረግ፣ ከዚያ በኋላ ይቀባ ይላል። ቀቢዎቹ ለንባቤ አጨበጨቡልኝ፤ ከዚያም ተነሥተው እንደ ረጠበ ቀቡት።

፪. ስለ አሸንዳው ደግሞ ይበልጥ አመሰግናለሁ። ከዚያው ግድግዳ በላይ ተሰብሮ የጣሪያውን ውሃ በሙሉ ወደ ጭቃው ይለቀዋል። ውሃው ከላይ ይገባል፣ በሁለቱም ወገን በዘይት ስለታሸገ መውጫ የለውም፣ ስለዚህ ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል። ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ እኔን መሆን ይበቃል።

፫. ቀለሙ ዝም ብሎ አይደለም የሚላጠው። በመጀመሪያው ክረምት ትከሻ ወጣ። በሚቀጥለው ነጠላ የተከናነበ ራስ ተጨመረ። ዘንድሮ ደግሞ ቀኝ እጅ ወጣ፤ በስብሰባ ላይ ዕድል ይሰጠኝ እንደሚል ሰው ወደ ላይ የተነሣ እጅ። ግድግዳ የምንጋራት ነጋዴዋ ጎረቤቴ አሲያ ገብታ ስታየው «አዑዙ ቢላህ፣ እኚህ እማማ ማኅደረማርያም አይደሉም እንዴ» ብላ በሩ ላይ ቀረች። ከእኛ በፊት በዚህ ቤት የኖሩት እሳቸው ናቸው። ስለዚሁ አሸንዳ ቢሮዎ ደጃፍ ሲመላለሱ ኖረው በሳል የሞቱት በዚያው ጥግ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዎችዎ ሲቀቧቸው ዝም ብለው ይቀባሉ፤ ዝናብ ሲጀምር እዚያው ቦታቸው ላይ ይመለሳሉ። በመሥሪያ ቤትዎ ዘንድ ቀጠሮ የሚያከብር ባይኖር እንኳ እሳቸው አሉ።

እኔ በተፈጥሮዬ ቀልደኛ ስለሆንሁ፣ ከተነሣው እጅ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ባርኔጣዬን ሰቅዬ «ይያዙልኝ፣ እማማ» ብያቸው ነበር። ጠዋት ሳነሣው ውሃ ያንጠባጥባል። ከዚያ ወዲህ ባርኔጣዬን ደጅ ነው የማሳድረው፤ እሳቸውንም ስገባ ስወጣ እጅ እነሣለሁ።

፬. ሔራን የምትባል ገና አፍዋን የምትፈታ ልጅ አለችኝ። አልጋዋ ከዚያ ግድግዳ ሥር ነበር። ጠዋት ጠዋት ከብርድ ልብሷ ላይ የረገፈ ቀለም እንጠርጋለን፤ አንድ ቀን ከአፍዋ ውስጥ አረንጓዴ ቅርፊት በጣቴ አወጣሁ። ወደ ግድግዳው ዞራ እማማ ትላለች። እንዲህ በዪ ብሎ ያስተማራት የለም። ቀጥሎ ሳሉ መጣ። አሲያ በግድግዳው ማዶ ሰምታ «እማማ ማኅደር ተነሡ እንዴ? ሳሉ እኮ የሳቸው ነው» አለችን። ሚስቴ አመተ ማርያም ይህን እንደሰማች ልጅቷን ጠቅልላ ሰላ ድንጋይ እናቷ ዘንድ ሄደች። ስትሄድ «ግድግዳው ሲደርቅ ጥራን፤ በቀለም እንዳታታልለኝ፣ በእጄ ዳብሼ ነው የማምነው» ብላኛለች። ሚስቴ ማንበብ አትችልም፤ ግድግዳ ላይ ግን ከመሥሪያ ቤትዎ ሁሉ የተሻለች ሳትሆን አትቀርም።

፭. በሬ ላይ ለለጠፉልኝ ማስጠንቀቂያ ውለታዎን በምን እንደምከፍል አላውቅም። ተከራዩ ቤቱን በማጎሳቆሉ ይህ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል፣ ወደፊትም ያለ ፈቃድ ግድግዳውን ቢነካ፣ ቤቱን እንዲለቅ ይደረጋል ይላል። በራሴ ዓይን ያነበብሁት የመጀመሪያው የመንግሥት ጽሑፍ ስለሆነ ለልጅ ልጅ አስቀምጨዋለሁ፤ ልጄ ለዚያ ከደረሰች።

ክቡርነትዎ፣ የምለምንዎ ቀለም አይደለም። እባክዎ ቀለሙ ይቅርብን። አስቀድሞ አሸንዳው ይጠገን። ከዚያ የዘይት ቀለሙ በውስጥም በውጭም እስከ ጭቃው ድረስ ይፋቅና፣ ክረምቱ ስለወጣ፣ የበጋው ነፋስ ግድግዳውን እስኪያደርቀው ራቁቱን ይቆይ። የተቦረቦረውን በጭድና በጭቃ እለስነዋለሁ፤ በመጨረሻ ኖራ እቀባዋለሁ፣ ኖራ ግድግዳውን ያስተነፍሰዋልና። ጉልበቱም ጭዱም ከእኔ። ከእርስዎ የምፈልገው ንኩት የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። እማማ ማኅደረማርያም ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብቀው ያላገኙትን ቃል እኔ ገና ፊደል የቆጠርሁ ሰው መጠየቄ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ።

ከሩቅ ሆኖ የወንበርዎን እግር እየሳመ በገዛ እጁ የፈረመ፣ አሻራ ያላስቀመጠ፣ እርጥብ ተከራይዎ፣
ብርሃነ መስቀል

ግልባጭ፦
ለአመተ ማርያም፣ ሰላ ድንጋይ (ሰው ያንብብላት)
ለወይዘሮ ማኅደረማርያም፣ ባሉበት ግድግዳ

ከፈረምሁ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ቀና ስል ከእማማ ማኅደረማርያም ጎን፣ የሔራን አልጋ በነበረበት ቁመት፣ ትናንት ያልነበረ ትንሽ ቦታ ተልጦ አየሁ። ራስ አለው። እጅ ገና የለውም። እርጥበት ነው፣ እርጥበት ነው እያልሁ ለራሴ ነገርሁት። እጅ እስኪያወጣ ግን አልጠብቅም። ይህን የምጽፍልዎ የፋቅሁትን ቀለም ከልብሴ ላይ እያራገፍሁ ነው። ሊያስወጡኝ ሲመጡ እባክዎ መሰላል ይዘው ይምጡ፤ አሸንዳው ላይ ቁመቴ አልደረሰልኝም።