የምንዋጋው እንቅልፍ

ይድረስ ለልጄ ለዓይናዲስ፤ እንዴት ሰንብተሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ስልኩ ስለማይሠራ ይህን በጎረቤታችን በሹፌሩ በምስጋናው እጅ ወደ ባሕር ዳር ልኬልሻለሁ።

ሰቆጣ ዘንድሮ ጥሩ ዘንቧል። ልጅሽ ምንዋጋውም ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል። አንቺ ለሥልጠና ከሄድሽ ወዲህ ሲያለቅስ ያነጋ ነበር፤ አማትሽ ወይዘሮ ጥሩሐረግ ሊያግዙን ከዝቋላ ከመጡ በኋላ ግን ጸጥ አለ። ጠዋት የደብሩ ደወል እንኳ አይቀሰቅሰውም። ሳቅፈው መነጽሬን ይጎትት የነበረው ልጅ አሁን እጁን አያነሣም።

"ምን እያደረጉለት ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ጠበል በማንኪያ" አሉኝ። "አይ መምህር፣ ሲያለቅስ ተማረሩ፤ ሲተኛ ደግሞ ከፋዎት?"

ሳቅሁ። እኔ የማውቀው ግን ጠበል በማለዳ፣ በባዶ ሆድ ሲጠጣ ነው። እሳቸው የሚሰጡት ማታ፣ ወተቱን ከጠጣ በኋላ ነው። እስቲ ልቅመሰው ብላቸው ማንኪያውን አጠቡት።

ደግ ሴት ናቸው፤ ልጁንም ይወዱታል። ቢሆንም ከዛሬ ጀምሮ አልጋው እኔ ክፍል ነው። ይህን ጽፌ እንደጨረስሁም ክብደቱን ላስለካ ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለፈው ለሳልሽ የታዘዘልሽን፣ ያን እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኘሽ የነበረውን ሽሮፕ ይዘሽው ሄደሻል? ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያገኘሁት ባዶ ካርቶኑን ነው። መልስሽን ለምስጋናው ስጪው፤ ከእኔ በቀር ለማንም እንዳያቀብል ነግሬዋለሁ።

ሦስታችንንም እግዚአብሔር በጤና ያገናኘን።

አባትሽ ገብረ አምላክ