ከበራችን ፊት ያለችው ቦታ

ቅዳሜ፣ ማርች 1
ከገበያ ስመለስ ከበራችን ፊት ያለችው የመኪና ማቆሚያ ቦታ ባዶ ሆና ጠበቀችኝ። ዓይኔን አላመንኩም። በዚህ ጠባብ መንገድ፣ ብረንዝዊክ ሰፈር ውስጥ፣ ያውም ቅዳሜ ረፋድ ላይ... ሁልጊዜ የማቆመው እዚያ ማዶ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው፤ ድንቹን ተሸክሜ እቤት እስክደርስ ክንዴ ይገነጠላል። ዛሬ ግን መኪናዬን ወደ ኋላ አስገባኋት፣ በአንድ ሙከራ ልክክ አለች።

ስታቭሮስ አጥሩን ተደግፎ ሲያየኝ ነበር። የማዶ ጎረቤታችን ነው። ከቧንቧ ሥራ ጡረታ ወጥቷል፣ ቫኑን ግን አላሰናበታትም። ያቺን ቦታ ከኔ እኩል ሲመኛት የኖረ ሰው ነው። "ጎበዝ ሜርቭ" አለኝ። ድምፁ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር።

ማታ ባለቤቴ ግሌኒስ ነገር አመጣች። የልጅ ልጃችን ታሊያ ሆስፒታል ሥራ ጀምራለች፣ ወደዚያ ደግሞ ትራም አይሄድም። "እኛ ሁለት ሽማግሌዎች ትራሙ ደጃችን እያለ መኪና ምን ያደርግልናል?" አለች። ተከራከርኩ። በመጨረሻ፣ "እሺ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ አስቤዛውን በመኪና እያመጣህ ጥቅሟን አሳየኝ። ካልሆነ ለታሊያ ትሰጣለች" አለች።

እሺ አልኩ። መንዳት ነው፤ ምን ችግር አለው?

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ወተት አለቀ። ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። ገባሁ፣ መሪውን ያዝኩ... ቀና ስል ስታቭሮስ በመስኮት ያየኛል። የቫኑ ቁልፍ እጁ ላይ ነው።

ወረድኩ። ወተቱን በእግሬ ሄጄ አመጣሁ።

ቅዳሜ፣ ማርች 8
ካልነዳኋት መኪናዋ ልትሄድ ነው። ከነዳኋት ቦታዋ ልትሄድ ነው። ይሄ ምን ዓይነት ፈተና ነው?

ደግነቱ ግሌኒስ ቅዳሜ ጠዋት ክለቧ ሄዳ ሳር ላይ ኳስ ስታንከባልል ነው የምትውለው። እሷ ስትወጣ ጎማ ያለውን ዘንቢል ይዤ በትራም ሄድኩ። የተጠበሰ ዶሮ መግዛቴ ግን ስህተት ነበር። ትራሙ በሙሉ ሸተተ። የማላውቀው ውሻ እስክወርድ ድረስ ጫማዬ ላይ ተኛ።

ቀድሜያት ገባሁ። "ፓርኪንግ አገኘህ?" አለችኝ።

"እንዴታ! በራችን ላይ።"

ውሸት ነው እንዴ? አይደለም።

ሐሙስ፣ ማርች 13
ወፎቹ መኪናዋን ነጭ ቀቧት። ልጠባት? ካጠብኳት አለመነዳቷን ሰው ይጠረጥራል... ካላጠብኳትም ይጠረጥራል። ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ማርች 15
ጉድ ፈላ።

አስቤዛዬን ይዤ ትራም ውስጥ ተቀምጫለሁ። በክለቡ ፌርማታ ማን ብትገባ ጥሩ ነው? ግሌኒስ። ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ኳሶቿን ይዛ። ለካ ጨዋታው በዝናብ ተቋርጧል። ባሮ ሽንኩርቱን ከዘንቢሉ መዝዤ ከጀርባው ተደበቅሁ። ሰው በባሮ ሽንኩርት ይደበቃል? ሲጨንቀው ይደበቃል።

መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ፊት ለፊት እያየች፣ "መኪናዋ እንዴት ናት?" አለች።

"ደህና ናት።"

"የት አቆምካት?"

"በራችን ላይ።"

"ገበያው እዚያ ድረስ መጣልህ?"

ባሮ ሽንኩርቱን ወደ ዘንቢሉ መለስኩ።

እቤት ስንደርስ ደግሞ ባሰ። ከፊት ጎማው እስከ መንገዱ ጠርዝ የሸረሪት ድር ተዘርግቷል። ሸረሪቷ መሃሉ ላይ ተመቻችታ ተቀምጣለች። ግሌኒስ ጎንበስ ብላ አየችና፣ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ሰምቼ ነበር። መኪና ሲያስር ዛሬ አየሁ" አለች። ከዚያ እስኪያማት ሳቀች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ማርች 16
ግሌኒስ ለታሊያ ደወለችላት። "ብነዳት ቦታዋን አጣት ነበር እኮ" ብዬ ለመንኳት።

"ለመሆኑ የምትወደው የትኛዋን ነው፣ መኪናዋን ወይስ ቦታዋን?"

ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። መልሱን አልወደድኩትም።

ቅዳሜ፣ ማርች 22
ታሊያ መጣች። መኪናዋ አልነሳም አለች፤ ባትሪው ሞቷል። ስታቭሮስ ማንም ሳይጠራው የባትሪ ማስነሻ ገመዱን ይዞ ከች አለ። እንዲህ ደስ ብሎት የሚረዳ ሰው አይቼ አላውቅም።

ታሊያ አቅፋ ሳመችኝ። "አያቴ፣ ሌሊት ተረኛ ስሆን እንዴት እንደምመለስ ጨንቆኝ ነበር" አለች። ጥግ ላይ ስትታጠፍ እንባዬ መጣ። መኪናዋን እወዳት ነበር ለካ። ሸረሪቷም አብራ የሄደች ይመስለኛል... ለታሊያ አልነገርኳትም።

ዞር ስል ስታቭሮስ ወደ ቫኑ እየሮጠ ነው። በዚያ ዕድሜው! ቀደምኩት። የቆሻሻ ማጠራቀሚያችንን እየገፋሁ ወስጄ ቦታዋ መሃል ገተርኩት።

እሑድ፣ ማርች 23
ማጠራቀሚያው እዚያው አለ። እኔም ወንበር አውጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ስታቭሮስ እያነከሰ መጣ። የትናንቱ ሩጫ ጉልበቱን ጎድቶታል። "ቦታውን ለማን ነው የያዝከው?"

"ለ..." አልኩ። ቀሪው ጠፋኝ። ለማን ነው? መኪና እንኳ የለኝም።

"ሜርቭ፣ ወዳጄ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ እስከዚህ መራመድ ከብዶኛል" አለኝ። አልቀለደም።

ተነሳሁ። ማጠራቀሚያውን ወደ ግቢ መለስኩ። ከኋላ ቆሜ "ና... ና... በቃ" እያልኩ ቫኑን አስገባሁለት። ወርዶ እጄን ጨበጠኝ። "ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የምወስድህ እኔ ነኝ። ቃሌ ነው" አለኝ። ደስ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 29
በቀጠሮዬ ወጣሁ። ቫኗ ታጥባ በራችን ላይ ቆማለች። ስታቭሮስ ጎማ ያለው ዘንቢል ይዞ አጠገቧ ቆሟል።

"ቁልፉስ?" አልኩት።

መንገዱን ግራና ቀኝ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አብደሃል እንዴ? ቦታዋን ማን ይጠብቅልኛል?"

በትራም ሄድን። ስንመለስ ባሮ ሽንኩርቱን የያዘው እሱ ነው። በክለቡ ፌርማታ ግሌኒስ ገባች። እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ መሃላችን ተቀመጠች።

"ቫኗ እንዴት ናት?" አለችው።

"ደህና ናት" አለ ስታቭሮስ።