ያላወቀው አይቀበለው

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 2008

ኮምፒዩተሩ እንደገና እምቢ አለ። ከምሳ በፊት ሞከርኩ፣ ከምሳ በኋላ ሞከርኩ፣ ያው ነው። «ያልታወቀ የነገር መለያ» ብሎ ዝም ይላል። ጥፍሬን በልቼ ጨረስኩ።

ጉዳዩ የኢክራም ነው። አቦከር ሰፈር ከኛ ቤት ቀጥሎ ያሉት ጎረቤቶቻችን ልጅ ናት፤ ዘንድሮ ከጤና ኮሌጁ በነርስነት ተመረቀች። የኮሌጁን የዲጂታል ሰርተፍኬት ፕሮግራም የሠራነው ደግሞ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ነቢል ነን። ድሬዳዋ ያለ አንድ የግል ሆስፒታል ሊቀጥራት ፋይሏን ተቀበለ፤ ኮምፒዩተራቸው መልሶ ተፋው። ጠዋት በራችን ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። «ሜሮን፣ ሐሰተኛ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ እኮ! ወላሂ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ!» አለችኝ። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።

እናቴ የጽጌን ጾም ፈትታ፣ ቁስቋምን ስማ ተመልሳ፣ ደስ ብሏት ነበር። እኔ ግን ያቀረበችልኝን ሳልቀምስ ወጣሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችኝ ከኋላዬ። እውነቷን ነው፤ ግን መቀመጥ አልቻልኩም።

ለራሴ እንዲጠራልኝ ልጻፈው። ሰርተፍኬቱ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ነገር በነጥብ የተያያዘ ቁጥር አለው፤ የነገር መለያ የሚባለው እሱ ነው። 2.5.4.3 ከተባለ የባለቤቱ ስም ነው፤ የትም አገር ይሁን ስም ነው። ፕሮግራም ቃል አይጠይቅም፣ ቁጥሩን አይቶ ያውቃል። ለተመራቂው የትምህርት ክፍልና ውጤት ግን የተዘጋጀ ቁጥር ስላልነበረ ለራሳችን ቅርንጫፍ ጠይቀን አወጣን፤ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ እንደሚወርድ ስም ማለት ነው። በኛ መመርመሪያ ሁሌም ይሠራል። ድሬዳዋ ያሉት ግን የሚመረምሩት በሌላ ላይብረሪ፣ ሌሎች በሠሩት የመመርመሪያ ኮድ ነው። ያንኑ ላይብረሪ ዛሬ ጭኜ ሞከርኩት፤ እኔንም እንደ ኢክራም መለሰኝ።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስቆጥር ዋልኩ። ነጥብ ተዛንፎ ይሆን? አንድ አኃዝ ጎድሎ ይሆን? እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ነቢል ከወረቀቱ ላይ ያያል። ጫቱን በጉንጩ ይዞ «አቦ፣ እንደ ሎተሪ አወጪ አታንብቢው!» ይለኛል። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩበት። እሱ ምን ቸገረው? ኢክራም በየሰዓቱ የምትደውለው ለኔ ነው።

ቁጥሩ ልክ ነው። አንድም ስህተት የለውም።

ስህተት ቢገኝ ይሻለኝ ነበር። መብራት ደግሞ ሄደ፤ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ። ላፕቶፓችንን ተሸክመን መብራት ወዳለበት ወደ ነቢል አክስት ሱቅ፣ ወደ ኤረር በር ወረድን። አክስቱ ሳምቡሳ ሰጡን። «ምን ሆነሻል፣ ባል ከድቶሽ ነው?» አሉኝ። ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልጨነቅም ነበር አልኳቸው። በጣም ሳቁ።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ኢክራም ዛሬ በስልክ ቀስ ብላ «ሜሮን፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ውጤቴ ላይ የጎደለ ነገር አለ?» አለችኝ። በፈተና ጎበዝ የነበረች ልጅ፣ ራሷን መጠርጠር ጀመረች።

ረቡዕ

አገኘሁት!

ስህተቱ ቁጥሩ ላይ አልነበረም፣ ከቁጥሩ አጠገብ ነው። ሰርተፍኬት ላይ የራስህን ነገር ስትጨምር አንዲት ምልክት አለች፤ ታደርጋታለህ ወይም ትተዋታለህ። ካደረግካት ትርጉሟ «ይህን ቁጥር የማያውቅ ሰርተፍኬቱን በሙሉ አይቀበለው» ነው። እኛ አድርገናታል። ድሬዳዋ ያሉት ቁጥራችንን አያውቁትም፤ ስለዚህ የታዘዙትን ፈጸሙ። ጥፋት የለባቸውም።

ያደረግናት ደግሞ አውቀን ነው። የኮሌጁ ሬጅስትራር ወይዘሮ ዘይነባ ያኔ ያሉን ትዝ ይለኛል፦ «ክብ ማኅተም ብቻ አይበቃም፣ ቲተር ይኑረው፣ በጎኑም ይመታበት። ያንን ያላየ አይቀበለው።» እኔም ቲተር ጎድሎ ከየመስኮቱ ስመለስ ያደግኩ ነኝ፤ ጥብቅ ሲሆን ጥሩ መሰለኝ። አላቅማማሁም። ማኅተም በላይ በላዩ ሲመታበት ወረቀት ይከበራል፤ ይሄኛው ፋይል ግን ማኅተሙን ለማያውቅ በሩን ዘጋ።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው። ምልክቷን አንሥቶ እንደገና መፈረም። ነገር ግን መፈረሚያው ቁልፍ ያለው በወይዘሮ ዘይነባ እጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉንም ከሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። እየሮጥኩ ሄድኩ።

እምቢ አሉ!

«ልጄ፣ አንድ ሰው የኮሌጁን ማኅተም አስቀርጾ ስንት ወረቀት እንደሸጠ አታውቂም? የኔ ፊርማ ነበር የተመሰለው። ተጠርጥሬ ቃሌን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አሁን ማኅተሙ ይላላ ትይኛለሽ? ማኅተም ከላላ ምኑን ማኅተም ሆነ?»

«እርስዎ እንደሚያስቡት አይደለም፣ ሰነዱን የሚጠብቀው የኮምፒዩተሩ ፊርማ ነው፣ ምልክቷ አይደለችም» ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ስናደድ ድምፄ ይቀጥናል። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ያ ማለት ውይይቱ አልቋል ማለት ነው። ተሰናብቼ ወጣሁ፤ ሸዋ በር ድረስ ባጃጅ እንኳን ሳልይዝ በእግሬ፣ ብቻዬን እያጉረመረምኩ።

ሐሙስ

ነቢል አንዳንዴ ብልህ ነው። «አትከራከሪያቸው፣ ራሳቸው ይስረቁት» አለኝ።

ገብቶኝ ጠዋት እሱንም ይዤ ወደ ቢሯቸው ሄድኩ። የራሴን ቁልፍ ተጠቅሜ፣ ምልክቷ የሌለችበት የሙከራ ሰርተፍኬት በወይዘሮ ዘይነባ ስም ሠርቼ ነበር። «ይህን አስመስለው ይለውጡልኝ። ምርመራውን ካለፈ ሁለተኛ አልጨቀጭቅዎትም» አልኳቸው።

መጀመሪያ ተቆጡ። ከዚያ ግን ወንበራቸውን አስጠጉ። ነርስ የሚለውን ዶክተር አደረጉት። መርማሪው፦ ፊርማው አይገጥምም። ወደ ነርስ መለሱና አንዲት ፊደል ብቻ ነኩ። አይገጥምም። ነጥብ ጨመሩ። አይገጥምም። «ደግሞ ልሞክር» አሉ፤ በር ላይ ሰው እየጠበቃቸው እሳቸው ሐሰተኛ ሰነድ በመሥራት ተጠመዱ። ነቢል ከኋላዬ ሳቁን ለመያዝ ሳል ጀመረ።

በመጨረሻ እጃቸውን ከኪቦርዱ አነሡ። «ያ ማኅተም ያስቀረጸ ሰውዬ ይህ ቢገጥመው ጦሙን ያድር ነበር» አሉ። «እኔ የፈራሁት እንደገና እንዳልጠረጠር ነበር» አሉኝ፤ ድምፃቸው ሌላ ነበር። ትላንት በልቤ ስላማኋቸው አፈርኩ።

ቢስሚላህ ብለው የይለፍ ቃላቸውን አስገቡ። ወደ ግድግዳ እንድንዞር አደረጉን፤ ሁለታችንም እንደ ተቀጣ ተማሪ ዞረን ቆምን። የኢክራም ሰርተፍኬት ተፈረመ። ከቀትር በፊት ድሬዳዋ ላክነው።

መልስ የለም። ኢክራም ደወለች። መልስ የለም አልኳት። እንደገና ደወለች።

ዓርብ

ተቀበሉት! ገና ቢሮ ሳልገባ ኢክራም ከመንገድ ማዶ እየጮኸች መጣች፤ አቅፋኝ ሻርፗ ከራሷ ወደቀ። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። እናቷ ከበር ሆነው አልሐምዱሊላህ እያሉ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ከጁምዓ በኋላ ለወይዘሮ ዘይነባ ልነግራቸው ሄድኩ። ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ።

«ሜሮን፣ አንዲት ሌላ ልጅ መጥታ ነበር። ፈቲያ የምትባል፣ የገጠር ልጅ፣ ከኢክራም ጋር የተመረቀች። የሚቀጥሩኝ እንዲሁ መለሱኝ ብላ እዚህ ቆማ አልቅሳለች። እኔ ሰነዳችን ጥብቅ ነው፣ ያላወቁት እነሱ ናቸው ብዬ ሸኘኋት።»

ኢክራም ጎረቤቴ ባትሆን ይህን ሁሉ እሮጥ ነበር? ይህ ጥያቄ ከቢሯቸው ስወጣም አልለቀቀኝም። ፈቲያ የተመለሰችው ባለፈው ወር ነው። ደስታዬ አንድ ቀን እንኳን አላደረም።

ወይዘሮ ዘይነባ እዚያው ፋይሏን ፈልገው፣ የኢክራምን እንዳደረግነው አድርገው ፈረሙላት። ስልኳ ግን ተዘግቷል። መዝገብ ላይ ያለው ሌላ ስልክ የአባቷ ነው። ሰዓቱ መሸ ብዬ ለነገ ተውኩት፤ እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት ደወልኩ። አባቷ ገበሬ ናቸው፤ ጫት ይዘው ወደ ከተማ ስለሚመላለሱ አማርኛ ይናገራሉ። ከኋላቸው ፍየል ይሰማል። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። «የፈቲያ ሰነድ ትክክለኛ ነው፣ የተሳሳትነው ፕሮግራሙን የሠራነው እኛ ነን፣ አሁን ተስተካክሏል» አልኩ በአንድ ትንፋሽ።

የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ፣ ሄሎ አልኩ።

«ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ሐሰተኛ አይደለም ነው የምትይኝ?»

«አይደለም አባባ። ልጅዎ ተምራ፣ ፈተናዋን አልፋ ነው የወሰደችው።»

«እኔ አላመንኳትም ነበር» አሉ። «በአላህ እያለች ማለችልኝ። እኔ ትምህርት ቤት የላኩት ገንዘብ የት ሄደ አልኳት። አላመንኳትም።»

የኔ ጥፋት ነው አልኩ እንደገና። አልሰሙኝም መሰለኝ። ልጅቷ ወንዝ ወርዳለች፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ደውዪ፣ አንቺው ንገሪያት፣ እኔ በምን አፌ አሉኝ።

ቀኑ አልመሽ አለኝ። ወለል አጠብኩ፣ የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። እናቴ በዓይኗ ተከተለችኝ።

አዛን እንዳበቃ ደወልኩ። እሷው አነሣች። ሁሉንም ነገርኳት፦ ምልክቷን፣ ድጋሚ መፈረሙን፣ ሰኞ መጥታ አዲሱን ፋይል እንድትወስድ። የከለከሏት መሥሪያ ቤት ቦታውን ይዞላት ይሁን አይሁን እንደማላውቅ፣ አብሬያት ሄጄ እንደምጠይቅ ጭምር። ስለ ቦታው አንድ ቃል አልጠየቀችም።

«ለአባዬ ነግረሽዋል?» አለች።

ነግሬያቸዋለሁ አልኳት።

«አንቺ ራስሽ? በአፍሽ?»

አዎ አልኳት። ስልኩን ከጆሮዋ ስታርቀው ተሰማኝ፤ ከዚያ በኦሮምኛ አባቷን ጠራች፣ እሳቸውም መለሱላት፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሳትዘጋው ረሳችው። እኔም አልዘጋሁትም።