አርባ አንድ ሰሌዳ

«ያለ ስም? ደግሞ እንደገና ያለ ስም? አይደረግም አልኩህ!»

«እሜቴ፣ ይረጋጉ እንጂ። እኛ እኮ ከመካነ መቃብሩ በር ላይ፣ ከእብነ በረድ ሐውልት ጋር ይቀበሩ ነው ያልነው» አሉ የከተማው ምክር ቤት ጸሐፊ ሃይረም ስቶዳርድ።

«አንተ ደግሞ ሐውልትህን ተሸክመህ ሂድልኝ! የማወራው ከባሌ ጋር ነው» አሉ የከንቲባው ባለቤት።

ክርክሩ የተነሣው ባለፈው ማክሰኞ ነው። ከንቲባ ኦባዲያ ፔቲንጊል ከአልጋቸው ሳይነሡ «ከረድፉ ጫፍ፣ ያለ ሰሌዳ ቅበሩኝ» ብለው ነበርና። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሉክሪሺያን ያን ያህል ያስቆጣቸው ነገር ረጅም ታሪክ አለው።

ከንቲባው ከአባታቸው ከጆታም ፔቲንጊልና ከእናታቸው ከመሂታብል ሎውል በኅዳር ወር 1821 በቨርሞንት ተወለዱ። በረዶው የእርሻ ሥራ ሲያስፈታ ትምህርት ቤት እየገቡ ፊደል ቆጠሩ። በዐሥራ አራት ዓመታቸው በርሜል ሠሪ ዘንድ ገብተው ሙያውን ተማሩ። በ1848 ወደ ሃርላን መሻገሪያ ሲመጡ ከተማችን ዐሥራ አንድ ቤትና አንዲት ጀልባ ብቻ ነበረች። በተከታዩ ዓመት ወይዘሮ ሉክሪሺያ ቦግስን አገቡ፤ በ1850 ኦርፋን ወለዱ። ኦርፋ በአራት ዓመቷ በኮሌራ ሞታ ከወንዙ በላይ ባለው ጉብታ ተቀበረች።

በ1857 የከተማዋ ሁለተኛ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። ወዲያው ባቡር መጣ፤ ለጣቢያው ከዚያ ጉብታ የተሻለ መሬት ጠፋ። ሕዝቡ «ሙታናችንን አናስነካም» ብሎ ሲያጉረመርም፣ «በመጀመሪያ የምትነሣው የእኔ ልጅ ናት» ብለው ዝም አሰኙት።

ጥፋቱ የመጣው ከደግነት ነው። የመቃብሮቹን የእንጨት ሰሌዳዎች ዝናብ በልቷቸው ነበር። ከንቲባው «ሰዎቻችን ወደ አዲሱ ቤታቸው ቡትቶ ለብሰው አይገቡም» ብለው አርባ አንዱንም አስነቀሉ። በበርሜል መሥሪያቸው ነጭ ቀለም ቀብተው ስሙን ሁሉ በገዛ እጃቸው ጻፉ። በየመቃብሩ ራስጌ ከሰሌዳው ጀርባ ካለው ጋር አንድ የሆነ ቁጥር ያለው ችካል ስላስተከሉ፣ ዝርዝሩን በወረቀት አላሰፈሩም። ቆፋሪዎቹ ግን ዐፅሙን ሁሉ በአንድ ዓይነት ሣጥን ከተው፣ ብርድ ሲጠናባቸው ችካሎቹን ለቅመው አነደዷቸው።

ሰኞ ጠዋት ያማሩት ሰሌዳዎች በጋሪ አዲሱ መካነ መቃብር ደረሱ። የትኛው ሣጥን የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ኮሌራው የፈጀው አብዛኛው ሕፃን ነበርና፣ ከፍቶ መለየትም አልተቻለም።

«የትኛዋ ናት፣ ኦባዲያ?» አሉ ወይዘሮ ሉክሪሺያ።

ሣጥኖቹ በአንድ ረድፍ ያለ ስም ተቀበሩ፤ ሰሌዳዎቹም ወደ በርሜል መሥሪያው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመርጠው ድልድዩን አሠሩ፤ የቧንቧ ውኃ አስገቡ። ባቡሩ ያበለጸገው ሕዝብ ያመሰግናቸው ነበር። እሳቸው ግን በዚያ ጣቢያ አንድ ቀን እንኳ ሳይሳፈሩ ኖሩ። በየግንቦቱም የረድፉን ሣር ለብቻቸው ያጭዱ ነበር።

ካለፈው መከር ጀምሮ ልባቸው ደከመ። በዚያ ማክሰኞ፣ «አርባ አንድ ሰው ስም አልባ አድርጌ፣ የእኔ ስም በእብነ በረድ ይጻፍ?» አሉ።

«እኔስ? አንድ መቃብር ፈልጌ ያጣሁት አይበቃኝም? አንተንም ልፈልግ?»

ከንቲባው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በማግስቱ ረቡዕ፣ መጋቢት 9 ቀን 1887፣ በስድሳ አምስት ዓመታቸው አረፉ። ወይዘሮ ሉክሪሺያም የዚያኑ ዕለት፣ «ከረድፉ ጫፍ ይሁን። ምልክቱን ለእኔ ተዉት» ብለው ክርክሩን ዘጉ።

ከንቲባ ኦባዲያ ባለቤታቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን ጆታምንና ሦስት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። የአርባ አንዱን ስም ያልረሳ አምላክ የእሳቸውንም ነፍስ በስሟ ይጥራት፤ ልጃቸውንም ያሳያቸው።

ትናንት ከቀብሩ መልስ የምክር ቤቱ ሰዎች በከንቲባው ሳሎን ተቀምጠው፣ ሐውልቱ በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቢቆም ይሻላል ወይስ በድልድዩ ራስ እያሉ ሲሟገቱ ዋሉ። «በድልድዩ ራስ ከሆነ ጎርፍ ይወስደዋል» አሉ ስቶዳርድ። ወይዘሮ ሉክሪሺያ ከበርሜል መሥሪያው «ኦርፋ ፔቲንጊል» የሚለውን ሰሌዳ አወጡ፤ አቧራውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ መዶሻ ያዙና በጓሮ በር ወደ ረድፉ ጫፍ ወጡ።