እስከ መንገዱ አጋማሽ

ከዚህ በታች የሚነበበው ሁሉ እውነት ነው፤ በተለይ የታንኩ ነገር። እኔ የሟቿ የወንድም ልጅ ኩርት አፌ እንደማይታመን መንደሩ ያውቃል። ዛሬ ግን አስከሬናቸው ፊት ቆሜ እምላለሁ።

ወይዘሮ ኢርምጋርድ ቤሽቶልት ከአባታቸው ከጣሪያ ሠሪው ከአቶ ሄርማን ራውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካታሪና ሽሊንክ እ.ኤ.አ. በማርች 1938 እዚሁ ጀርመን፣ ሽታይንሮት መንደር ተወለዱ። የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ጦርነቱ ስለወሰደው አንደኛ ክፍልን የተማሩት በወይን ጠጅ ጓዳ ውስጥ ነው። በርሜሎቹ ባዶ ነበሩ፤ መምህሩ ግን በየቀኑ ያረጋግጡ ነበር።

በ1952 የአባታቸው ድንች ማሳ ታጥሮ የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ሆነ፤ በሩም ከደጃቸው ትይዩ ተተከለ። ወይዘሮ ኢርምጋርድ በአሥራ አምስት ዓመታቸው የጦር ሰፈሩ ልብስ ማጠቢያ ሥራ ገብተው አርባ ዓመት የሰው ሸሚዝ ተኮሱ። ደረቱ ላይ የተሰፋውን ስም ሲለምዱት ባለስሙ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ሌላ ሸሚዝ ይመጣል። በ1960 የሰፈሩን የጭነት መኪና ሾፌር አቶ ኤሚል ቤሽቶልትን አግብተው ጉድሩንንና ፎልከርን ወለዱ።

በመንደራችን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ደጁን እስከ መንገዱ አጋማሽ ይጠርጋል፤ የቀረው ግማሽ የጎረቤት ነው። የእርሳቸው ጎረቤት ጦር ሠራዊት ሆነ እንጂ ደንቡ ያው ነው። በ1978 የወይን ለቀማ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ፣ ታንኮቹ ከልምምድ ሲመለሱ የሜዳውን ጭቃ ይዘው መጡ። ወይዘሮ ኢርምጋርድ መጥረጊያቸውን ይዘው መሐል መንገድ ላይ ቆሙ።

«እሜቴ፣ ዞር በይ! ታንክ ነው እኮ!» አለ ከላይ ሆኖ አስር አለቃ ቲፕተን የሚባል ጎረምሳ።

«ታንክ መሆኑን አየሁት። እግሩን ይጥረግ።»

«ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አላየንም!»

«እኔስ ሦስት ሳምንት የእናንተን ካልሲ ሳጥብ አይደል የከረምኩት? ውረድ!»

ወረደ። ሌሎቹም ወረዱ። የሚጠርገው ወታደር ሰልፍ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደረሰ። እርሳቸውም ጊዜው በከንቱ እንዳያልፍ ብለው እርጥብ አንሶላ አፈሙዙ ላይ አሰጡ፤ ጠርገው ሲጨርሱ ደርቋል። ከዚያ ወዲያ ቲፕተን ቅዳሜ ቅዳሜ መጥረጊያ ይዞ ይወጣል፤ መሐል መንገድ ላይ ይገናኙና፣ እሱ አለቆቹን፣ እርሳቸው ወገባቸውን ያማርራሉ።

በ1993 ጦር ሰፈሩ ተዘጋ። ለሦስተኛ ጊዜ እዚህ ተመድቦ የነበረው ቲፕተን፣ ያኔ ፀጉሩ ሸብቷል፣ መጥረጊያውን በሩ ላይ አስደግፎ «እሜቴ፣ እስክንመለስ የእኛን ጎን አደራ» አለና አውቶቡስ ተሳፈረ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ጎን ጠረጉ። ልብስ ማጠቢያው ተዘጋ፤ ጭፈራ ቤቱ ተዘጋ፤ ፀጉር አስተካካዩም ሄደ። በ1996 ባለቤታቸው አረፉ። በሰፈሩ በር አስፋልቱን ሰንጥቆ ዛፍ በቀለና ቅጠሉን ያራግፍባቸው ጀመር። ከንቲባው «ኧረ ወይዘሮ ኢርምጋርድ፣ በዚያ በር ማንም አይገባም!» ቢሏቸው «ቅዳሜ መሆኑ ቀረ እንዴ?» ብለው መለሱላቸው።

በ2013 ዳሌያቸው ተሰበረ። ጉድሩን የእርሳቸውንም የቲፕተንንም መጥረጊያ ብትደብቅባቸው በምድጃ ብሩሽ፣ ተንበርክከው ሲጠርጉ አገኘኋቸው።

«አክስቴ፣ አሜሪካኖቹ እኮ ረስተውሻል» አልኳቸው።

«አንተ ለፍላፊ፣ አፍህን ዝጋና ማፈሻውን ያዝ።»

ያዝኩ።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኖቬምበር 10 ቀን 2015፣ በተወለዱ በ77 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች አሏቸው።

አሁን አንድ ነገር ልናገር። ታንኩ እውነት ነው። አንሶላውም እውነት ነው፤ ጉድሩን እስከ ዛሬ ትተኛበታለች። የአደራው ቃል ግን የእኔ ፈጠራ ነው። ቲፕተን ምንም አላለም። መጥረጊያውን አስደገፈ፣ ወደ ቤታቸው አየት አደረገ፣ ሄደ። ሰው «ለማን ብለው ነው የሚጠርጉት?» ሲለኝ የምመልሰው ባጣ ፈጠርኩት። አክስቴም ሰምተው ዝም አሉኝ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ጉድሩን ሁለቱንም መጥረጊያ ከደበቀችበት አውጥታ ደጃፉ ላይ አስደግፋለች። ነገ የእርሳቸውን ግማሽ እኔ እጠርጋለሁ። የወዲያኛውን ማን እንደሚጠርገው አላውቅም፤ እኔንም ወገቤን ያመኛል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ጭቃ በማይደርስበት ደጅ ያሳርፍልን።